በአበልጅ ቤት የተቆጠረች ልጅ

ወይንሀረግ ኦስሎ ከመጣች ወዲህ የምታምናቸው ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ልጇ ሉሊትና አበልጇ የዓለምወርቅ። የሉሊት አባት ሳምሶን ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል ወደ ስዊድን ተሻግሮ እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። ወይንሀረግ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ በቅናሽ በሚያከራየው፣ ስቶቭነር ሰፈር ባለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ልጇን ለብቻዋ አሳደገች። ሳይነጋ ተነስታ ቢየርቪካ የቢሮ ወለል ልትወለውል ስትሄድ፣ ሉሊትን ቀስቅሳ፣ አልብሳና አጉርሳ ባርነሃገው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ የምታደርሳት የዓለምወርቅ ነበረች። ክርስትና ያነሳቻትም እሷው ናት። «ልጄ» እያለች ስትጠራት የሰማ ሰው ማን እንደወለዳት ግራ ይገባው ነበር። ወይንሀረግም በዚህ ትደሰት ነበር እንጂ ቅር ብሏት አያውቅም።

የዓለምወርቅም የምትኖረው በኮሙኑ ቤት ነው፤ ቫይትቬት ሰፈር፣ ከአንድ ልጇ ከበቃሉ ጋር። የሁለቱም የኪራይ ውል በየጥቂት ዓመቱ ያልቃል። በሚታደስበት ጊዜ ገቢ ይታያል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይቆጠራል። ሰው ከቀነሰ ወደ አነስተኛ ቤት መዛወር አለ። ያን ዓመት የሁለቱም ውል በአንድ የጸደይ ወቅት ሊያልቅ ነበር።

መጋቢት ላይ የዓለምወርቅ ስቶቭነር መጣችና የወይንሀረግን ማመልከቻ ኮምፒውተር ላይ አብረው ሞሉ።

«ስንት ሰው ነው የሚለው?» አለች ወይንሀረግ።

«ሁለት በይዋ! እኔን ልትጨምሪ አማረሽ?»

«ሉሊት ስታገባማ ለእኔ አንድ ክፍል ይበቃኛል። ያኔ ይውሰዱት።»

የዓለምወርቅ ሳቀች። ሻይዋን ጠጥታ፣ ወይንሀረግን ሁለት ጉንጯን ስማ ሄደች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ወይንሀረግ ኮሙኑ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የቤት ጉዳይ የምትይዘው ሴት ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ትናገራለች።

«አሁን ብቻሽን ስለምትኖሪ ያለሽበትን ቤት ማደስ አንችልም። ግን አንድ ክፍል ያለው ቤት እናቀርብልሻለን።»

«ብቻዬን? ከልጄ ጋር ነው የምኖረው።»

ሴትየዋ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። «ልጅሽ ከገና በኋላ ወደ ቫይትቬት አድራሻዋን ቀይራለች። አላወቅሽም?»

ወይንሀረግ ክው አለች። ቫይትቬት ውስጥ ሉሊት የምታውቀው ቤት አንድ ብቻ ነው።

«ስህተት ከሆነ እስከ ዓርብ ደውዪልኝ፤ እናጣራለን» አለቻት ሴትየዋ።

ወደ ቤቷ የሚወስዳት ባቡር ስቶቭነር ሳይደርስ ቫይትቬት ይቆማል። እዚያው ወረደች። የዓለምወርቅ በሩን ከፍታ ገና ፊቷን ስታያት ለምን እንደመጣች ገባት። አልደነገጠችም፤ የወይንሀረግን አንጀት ያሳረረው ይሄ ነው።

«ግቢ እስቲ፤ በር ላይ አትጩኺ፣ ጎረቤት አለ።»

«አልጮህኩም። ሉሊት እዚህ ነው እንዴ የምትኖረው?»

«በቃሉ በርገን ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደብኝ። ብቻሽን ነሽ ብለው ሊያስወጡኝ ነው። በዚህ ጉልበቴ ደረጃ የሌለው ቤት የት አገኛለሁ፣ ወይንዬ?»

«አጠገቤ ተቀምጠሽ ሁለት በይ አልሽኝ።»

«ራስሽ አይደለሽ አንድ ክፍል ይበቃኛል ያልሽው?»

«ያን ስልሽ እኮ ወስደሻት ነበር! ከገና ጀምሮ ወስደሻት ነበር!»

የዓለምወርቅ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ልጄ አይደለችም? ማን ነው ሲነጋጋ በበረዶ አዝሎ ያደረሳት? ለልፋቱ ጊዜ እናቷ ነኝ፣ ለቤቱ ጊዜ ባዳ ሆንኩ?»

ወይንሀረግ ዞራ ወደ ባቡሩ ተመለሰች። ልፋቱ እውነት ነበር። ያ ሁሉ እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያቃጠላት።

ቤቷ ስትደርስ ሉሊት ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልብስ ቤት ትሠራለች፤ የራሷን ጉዳይ ራሷ የምትፈርምበት ዕድሜ ላይ ናት። «አድራሻሽን ቀይረሻል?» አለቻት ወይንሀረግ።

«ያ፣ አዎ ቀይሬያለሁ፤ ግን አድራሻ ብቻ እኮ ነው፣ ማማ» አለች ቀና ሳትል። «እማማ የዓለም ቤቷን ልታጣ ነበር። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ አለችኝ።»

«አንቺስ? አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሉሊት ስልኳን አስቀመጠች። «እምቢ እንደምትዪ አውቅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ወይንሀረግ ነገሩን እያገላበጠች አሰበችው። አንድ ስልክ ብትደውል ቤቷ አይወሰድባትም። ግን ሉሊት በፊርማዋ የዋሸች ልጅ ትባላለች፤ የዓለምወርቅም ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ይቅር ብላ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት አይከብዳትም ነበር። ይቅር አላለችም። እንዲያውም ሁለቱንም ለመጉዳት የቀረባት አንድ ቃል ብቻ መሆኑን ስታስብ ደስ ይላት ጀመር፤ በዚያ ደስታዋ ግን ራሷን ፈራች።

ዓርብ ጠዋት የቤት ጉዳይ ለምትይዘው ሴት ደወለች።

«ናይ፣ ስህተት የለም» አለች በኖርዌይኛ። «ልጄ የምትኖረው ቫይትቬት ነው።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ሉሊት ክፍል ገባችና ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሉሊት ከሥራ ስትመለስ ልብሷ ሁሉ በላስቲክ ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ዘሚካኤል ደግሞ አልጋዋን ፈትቶ ወደ መኪናው እየጫነ ነው።

«ማማ፣ የምርሽን ነው?»

«እኔ ለኮሙኑ አልዋሽም፤ አንቺንም ውሸታም አላስብልም። አለሁ ባልሽበት ኑሪ።»

«እኔ እኮ እዚህ ነው የምኖረው!»

«እዚህም የእኔ አይደለም አሁን። ስወጣ የአዲሱን ቤት አድራሻ እልክልሻለሁ፤ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ።»

ሉሊት አለቀሰች። ወይንሀረግ ልታቅፋት እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ዘሚካኤል ዓይኑን ከሁለቱም አሽሽቶ ፍራሹን ተሸከመ።

መኪናው ሉሊትንና ዕቃዋን ይዞ ከሄደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወይንሀረግ ስልክ ጮኸ፤ የዓለምወርቅ ነበረች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ፣ ወይንዬ? በሬ ላይ አልጋ አራግፈውብኝ! የበቃሉን ዕቃ አላነሳሁም፤ የት ላድርጋት?»

«እሷን የቆጠርሽበት ክፍል ውስጥ» አለች ወይንሀረግ፤ ስልኩንም ዘጋችው።