ከእናቴ ጆግ

የምሠራው ሱሉልታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ በተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ነው። ፓምፑን አስነሳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን አስነሳለሁ። ፓምፑ ራሱ ከመሬት በታች ጥልቁ ውስጥ ስለተቀበረ የማውቀው በቧንቧው ድምፅ ብቻ ነው። ሥራው ብዙ ሰው አይፈልግም። ቀን ቀን ያለነው እኔና «ኦቦ» እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ ጥበቃ ነን፤ እሳቸውም ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ከጠየቁኝ በኋላ እስከ ማታ ቃል አይወጣቸውም። ዝምታ የሚወድ ሰው ካለ በእኔ ቦታ ይቀጠር። እኔ አልወደውም።

ስለዚህ የእናቴ ልብ ሲደክም፣ ሰበታ ብቻዋን ከምትኖርበት ቤት ወደ እኔ ያመጣኋት ግማሹ ለእሷ ብዬ፣ ግማሹ ለራሴ ብዬ ነው። ሚስት የለኝም። እህት ወንድም የሚባል ነገርም እግዜር አልሰጠኝም። ማታ በር ሳንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ሰው ማግኘት ምን እንደሆነ፣ ሁልጊዜ ያለው ሰው አያውቀውም።

አዲስ አበባ ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። «እማማ፣ ልብዎ ፓምፕ ነው» አለቻት። «ደሙን እየገፋ ወደ ሰውነትዎ ይልካል። አሁን ጉልበቱ ስለቀነሰ ውኃው እግርዎና ሳንባዎ ላይ እየተጠራቀመ ነው።»

ፓምፕ ስትል ቀና አልኩ። ሐኪም የተናገረው ነገር ሲገባኝ የመጀመሪያዬ ነው። የእኔ ፓምፕ ሲደክም ቀድመው የሚጮኹት ከፍታው ላይ ያሉት ቤቶች ናቸው፤ የእናቴ ሲደክም ግን ያበጠው ዝቅ ያለው እግሯ ነበር።

«አይቀየርም?» አልኩ፤ የሙያ ነገር ሆነና አመለጠኝ። ሐኪሟ ፈገግ አለች። ሌላ አገር ደረት ውስጥ የሚገጠም ፓምፕ እንዳለ፣ ሽቦው በሆድ በኩል ወጥቶ ባትሪው ወገብ ላይ እንደሚታጠቅ፣ እኛ ጋ ግን እንደማይገኝ ነገረችኝ። እናቴ ይኼን ሰምታ «መብራት ሲጠፋስ?» ብላ ጠየቀች።

«ባትሪውን ቀድመው ቻርጅ ያደርጉታል፣ እማማ።»

«ሱሉልታ ተቀምጬ? ይቅርብኝ።»

ሐኪሟ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ግን ኮስተር ብላ ጨው እንዲቀር፣ ክኒኑ እንዳይቋረጥ፣ የሚጠጣውም ነገር ሻዩም ሾርባውም ተቆጥሮ በቀን ከአንድ ሊትር እንዳይበልጥ አስጠነቀቀችን። የበዛው ውኃ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ እንደሚያፍናት ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ።

በማግስቱ አንድ ሊትር የምትይዝ ጆግ ገዛሁ። ጠዋት ሞልቼላት እወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ለከተማ ውኃ ስገፋ እውላለሁ፤ እናቴ ቤት ውስጥ ከንፈሯን በውኃ እያራሰች ትውላለች። ይኼ ነገር ያናድደኝ ነበር። በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም።

እናቴ ቤት አንድ ደንብ አለ። ከውጭ የመጣ ሰው መጀመሪያ ውኃ ይሰጠዋል፤ ሳይጠጣ ወሬ አይጠየቅም። ልጅም ቢሆን፣ የሚያለቅስ እንግዳም ቢሆን፣ ውኃው ይቀድማል። ሰበታ እያለን አባቴ እንኳ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ «እንዴት ዋልክ?» ተብሎ አያውቅም። ሱሉልታም ከሥራ ስገባ፣ ከዚያችው ከጆጓ የቀዳችው አንድ ብርጭቆ በሰሐን ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ውኃ ላይ ነው የዋልኩት!»

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል አልሰማህም? ጠጣ።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ብርጭቆውን ወደ ጆጉ መለስኩት። እሷ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እራትም አልበላ አለች። መጥረግ፣ መቀቀል፣ ገበያ መሄድ፣ ሁሉም ቀርቶባታል። የቀራት ይኼ ብቻ እንደሆነ ሲገባኝ እጄን ሰጠሁ። ጠጣሁ። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ «እንዴት ዋልክ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጠጥቼ ውሎዬን መናገር ልማዴ ሆነ። የቧንቧ ወሬ ምን ይጥማል? እሷ ግን ትሰማኛለች።

ክረምቱ ሲገባ እግሯ እንደገና አበጠ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አቃታት። ከጆጓ ለእኔ እያካፈለች ውኃው ከየት ይመጣል? ሐኪሟ ስትጠይቃት «እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ከጆጉ ውጪ ውኃ አልቀመስኩም» ብላ ማለች። እናቴ ደግሞ በእመብርሃን አትዋሽም።

ነገሩ የተገለጠው ክፍሏን ስጠርግ ነው። አልጋዋ ሥር ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ። ጎረቤታችን በየሳምንቱ ጠበል ትሞላላታለች፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ፣ እንደ ወጉ፣ እስኪበቃት ትጠጣለች።

«እማዬ፣ ውኃ አልጠጣሁም አላልሽም?»

አየችኝ። በእኔ ያፈረች መሰለኝ። «ጠበል ውኃ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ውኃ ነው» ለማለት እኔም አልደፈርኩም፤ ሐኪሟም ስነግራት የአንገቷን ክር እየነካካች «የንስሐ አባቷን አምጣቸው» ብቻ አለች። ሰበታ ድረስ ሄጄ አመጣኋቸው። እናቴን ሰሟት፣ እግሯን አዩ። «እግዚአብሔር በረከቱን በሊትር አይሰፍርም። ጠዋት በማንኪያ ቅመሺ፣ የቀረውን እግርሽን ተቀቢው» አሏት። «አባቴ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። እብጠቱ ጎደለ። መስቀልን ደጅ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ አከበረች። እኔም ሥራ ቦታ ማፏጨት ጀምሬ፣ ኦቦ «ሚስት አገኘህ እንዴ?» አሉኝ።

ፓምፕ ግን ካረጀ አረጀ ነው። ይኼን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። በበጋው አንድ ቀን ከሥራ ስመጣ በሩን አንኳኳሁ፣ «ማነው?» የሚል የለም። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ትራሷን ተደግፋ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች አርፋለች። ጆጉ ባዶ ነው። ብርጭቆው ሞልቶ፣ ሰሐኑ ተከድኖበት፣ እቦታው ተቀምጧል።

ሰበታ አባቴ አጠገብ ቀበርናት። ሱሉልታ ቤቴ በር ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ገባ ወጣ። ለለቀስተኛው ቦታ ለማስፋት ጠረጴዛውን የሚያነሡት ሴቶች ብርጭቆውን ሊደፉት ሲሉ ጮኽኩባቸው። ሐዘን ነው ብለው አለፉኝ፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ወንበሩ ተጫነ፣ ጎረቤቶችም ወደየቤታቸው ገቡ። እኔም ሥራ ገባሁ። ማታ ስመለስ እንደ ልማዴ አንኳኳሁና፣ አፍሬ በቁልፌ ከፈትኩ። ብርጭቆውን ከመስኮቱ አንሥቼ እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ውኃው አቧራ አቧራ ይል ነበር። እስከ ታች ጠጣሁት።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ጠበቅሁ። እንዴት ዋልክ የሚለኝ አልነበረም።