ለጥንቸል የማይሰጥ

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል በባጃጅ እየተመላለስኩ፣ በቁሓ መንገድ ባለ አንድ ቤት ልጅ አስጠና ነበር። ልጅቷ የአሥር ዓመት ናት። ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት ወደ ኋላ ስለቀረች፣ አማርኛ ስታነብ ትደናቀፋለች። እናቷ ደግሞ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ እንድትማር፣ የመግቢያ ፈተናውን እንድታልፍላት ትፈልጋለች።

እናትየውን የድምፄ ማነስ ያስቃት ነበር። እንግዳ ፊት "ምን አልሽ? ድገሚው እስቲ። መምህርት ናት ወይስ ትንኝ?" ትላለች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ልጅቷ አንዲት ነጭ ጥንቸል ነበረቻት፤ ከተማውን የለቀቁ ጎረቤቶች ትተውላት የሄዱት። ስታነብ ጭኗ ላይ ታስቀምጣታለች። አንድ አንቀጽ በጨረሰች ቁጥር ጆሮዋን ትዳብሳታለች። ይህን ስታይ እናትየው ትንገበገባለች ማለት ያንስባታል።

"ፈተናውን ማንቲለዋ ልትፈተንልሽ ነው?" ትላታለች፤ ጥንቸሏን በትግርኛ ስሟ እየጠራች።

ያን ሐሙስ ግን እናትየው፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችኝ።

"መምህር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይቺ ማንቲለ ምን ትበላለች? የማይስማማትስ? እንዳልሳሳት ብዬ ነው።"

በዚያ ቤት የማውቀውን ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥንቸሏ ከመጣች ጀምሮ ደግሞ ስለ አመጋገቧ አነብ ነበር። አንደበቴ ተፈታ። ዋናው ምግቧ ሣርና ድርቆሽ እንደሆነ፣ የካሮት ቅጠል እንደሚስማማት፣ ካሮቱ ራሱ ግን ስለሚጣፍጥ በጥቂቱ ብቻ እንደሚሰጣት ነገርኳት። ሽንኩርት፣ ያቆጠቆጠ ድንች፣ ቸኮሌት ፈጽሞ አይሰጣትም። ዳቦም ሆዷን ይነፋዋል።

"ከሁሉም የሚከፋው የቱ ነው?"

"አቮካዶ" አልኩ። "ልቧን ይጎዳዋል። በአንድ ቀን ልትሞት ትችላለች።"

"እኛ ለጤና ብለን የምንጠጣው?" ብላ ሳቀች። "የቐንየለይ፣ መምህር" ብላ አመሰገነችኝ።

ያን ቀን ድገሚው አላለችኝም።

ቅዳሜ ስደርስ ልጅቷ በረንዳው ላይ ካርቶን አቅፋ ተቀምጣለች። ጥንቸሏ ውስጡ በጎኗ ተጋድማ ደርቃለች። በአፏ ዙሪያ ያለው ነጭ ፀጉር ላይ አረንጓዴ ነገር ተጣብቆበታል። እናትየው በሩ ላይ ቆማለች።

"አልቅሺ። በገዛ እጅሽ ነው የገደልሻት።"

"አንቺ እኮ ነሽ፣ አደየ፣ ትናንት አቮካዶውን በሳህን የሰጠሽኝ። ስጫት፣ ትወደዋለች አልሽኝ።"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጓለይ? ያልተማርኩ ሴት! መምህርሽን መጠየቅ ነበረብሽ።" ወደ እኔ ዞረች። "አቮካዶ ጥንቸል ይገድላል አይደል፣ መምህር? ንገሪያት እንጂ።"

ዐይኗን ከዐይኔ አልነቀለችም። የምትደብቀው ነገር አልነበራትም፤ እንደማልናገር ታውቃለች።

"እኔ ነኝ የገደልኳት?" አለችኝ ልጅቷ።

አፌን ሳልከፍት እናቷ ካርቶኑን ነጠቀቻትና ከበር ውጭ ከቆሻሻው ጋር አስቀመጠችው። "ደብተርሽን አውጪ።"

ልጅቷ አነበበች። አንድም ቃል ሳትስት፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል፣ የሰው በማይመስል ድምፅ። ባዶ እጇ ጭኗ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጆሮ ይፈልጋል።

እናትየው ከኋላችን አጨበጨበች። "አየሽ፣ መምህር? ንባቡ ሲቀልላት!"

በማግሥቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ተመልሼ ሄድኩ። በሩን አላንኳኳሁም። ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ነጠላቸውን ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። ልጅቷ አላየችኝም፤ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው።

ልጅቷ ፊት ተንበረከክሁ።

"አንቺ አልገደልሻትም" አልኳት። "አቮካዶ እንደሚገድላት ሐሙስ ዕለት ለእናትሽ ነግሬያት ነበር። እሷ ታውቅ ነበር። አንቺ አታውቂም ነበር።"

ልጅቷ ቀስ ብላ እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች።

ጎረቤቶች ሰላምታ እየሰጡን ያልፋሉ። የእናትየው ፊት ጠቆረ።

"ምን አልሽ?" አለችኝ።

ደገምኩት። በዚህኛው ጊዜ ጎረቤቶቹ ሰምተው ቆሙ።