የቴሌቪዥኑ ልብስ

ልጄ ሣጥን ስትጎረጉር ያረጀ ዳንቴል አወጣችና ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። "የቴሌቪዥን ልብስ" ስላት ሳቀች። የኛ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስስ ነገር ስለሆነ ልብስ የሚያርፍበት አናት የለውም።

በደርግ ጊዜ እኛ ሰፈር፣ ጅማ ጊንጆ፣ ቴሌቪዥን የነበራት ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ብቻ ነበረች። እኛ ልጆች በር ላይ እግራችንን ታጥበን እንገባለን። እናቴ የምትመጣው ለዜና ነው። ወንድሜ ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወታደር በታየ ቁጥር ፊት ፊታቸውን ትፈልግ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ ብድግ ብላ የቴሌቪዥኑን መስታወት ነካች። "ጀማል! ይኸው ልጄ!"

የታየው ወታደር ጀማል አልነበረም። "አይደለም" ልል አፌን ስከፍት እትዬ ዘሃራ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

"እሱ ነው እንጂ! አልሐምዱሊላህ፣ ወፈር ብሏል። አብሽሪ!"

እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ዳንቴል ስትሠራ ሰነበተች። ወስዳ ቴሌቪዥኑን ካለበሰችው በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ዘሃራ ደግ ናት" አለችኝ። "እሱ እንዳልሆነ እሷም አውቃለች።"

"እሷም" ያለችው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ጀማል አልተመለሰም። እትዬ ዘሃራ ስትሞት ልጆቿ ዳንቴሉን ለኔ ሰጡኝ። ዛሬም ዜና ላይ ወታደር ሲሰለፍ ተነስቼ እቀርባለሁ። ጀማል ቢኖር ሽማግሌ ነው፤ እኔ ግን የማየው ወጣት ወጣቶቹን ነው።