ሹክሹክታ ያስለመደን በቀቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እኔና ታናሽ ወንድሜ ከሶዶ ወደ ሁምቦ፣ የእናታችን አባት ዘንድ እንላክ ነበር። አያቴ ቅርጫት ሠሪ ነበሩ፤ ማታ ተረት ሲያወሩ ድምፃቸው የጓሮውን እንሰት አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። ጅቡን ሲሆኑ ኩራዙ ራሱ ፈርቶ የሚርገበገብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ስንደርስ ግን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ምድጃው አጠገብ፣ ትልቅ የቀርቀሃ ቅርጫት ውስጥ፣ ገላው አረንጓዴ ጭንቅላቱ ቢጫ የሆነ በቀቀን አንገቱን ዘመም አድርጎ ያየናል። አንድ ነጋዴ ካርቶን ውስጥ ደብቆ ሊያሳልፈው ሲል ተበላ ከተማ መንገድ ላይ የተያዘ ነው። ዘሩ እየጠፋ ስለሆነ በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ ማንም ሊሸጠውም ሊያሳድገውም አይችልም። ነጋዴው የክንፉን ላባ ቆርጦት ስለነበር፣ እስኪያድግለት ድረስ አንዲት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ለአያቴ በአደራ ሰጠቻቸው።

ልታየው በመጣች ቁጥር «አባባ፣ አደራዎን፣ ንግግር እንዳይለምድ» ትላቸዋለች። «የሰው ድምፅ የወደደ ወፍ፣ ሰው ሲጠራው ይመጣል። ያኔ መልሰው ይይዙታል።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ወፉን ውጭ እንዳያሳድሩት ብርዱ አለ። ስለዚህ አያቴ ተረቱን ሳይሆን ድምፃቸውን ተዉት። ያን ክረምት ጅቡም፣ ጦጣዋም፣ ንጉሡም በሹክሹክታ ተናገሩ። እኛም ለመስማት ስንጠጋ ስንጠጋ ጉልበታቸው ላይ ልንወጣ ምንም አልቀረንም፤ ፍሙ ሲንጣጣ እንኳ ያስደነግጠን ነበር። ነገር በዝግታ ሲነገር እንዴት እንደሚገዝፍ ያወቅኩት ያኔ ነው። በቀቀኑ ቀን ሲቀረጥፍ የዋለውን ቀርቀሃ፣ እሳቸው ማታ እያወሩ በአዲስ ስንጥር ይተኩታል።

«ሥራ አላሳጣኝም መቼም» ይሉናል ቀስ ብለው። ከዚያ ጢሱ ጉሮሯቸውን ይይዘውና ያስላቸዋል፤ ሁለቴ አጠር፣ ከዚያ ረዘም አድርገው። ሳሉን ሊያንሾካሹኩት አልቻሉም።

ላባው ሲያድግ ጠዋት ወደ ኮረብታው ይዘነው ወጣን። ራቁቱን ቀርቶ የነበረውን ኮረብታ የአካባቢው ሰው ከልሎ እንደገና ደን አድርጎታል። ባለሙያዋ ቅርጫቱን ስትከፍተው ወፉ በርሮ ሾላ ላይ ዐረፈ። «ና፣ ና» ብላ ጠራችው፤ ልትፈትነው ነው። ትንፋሻችንን ዋጥን። ዞሮም አላያት። ከደኑ ውስጥ መሰሎቹ ሲጮሁ ግን መለሰላቸው፤ ክንፉን ዘርግቶ ሲሄድ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አያቴ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። በቀደም ልጄን ይዤ ያን ኮረብታ ወጣሁና ሾላው ሥር ተረት አወራላት ጀመር፤ በሹክሹክታ ነው፣ ሌላ አወራር አልለመድኩም። መሀል ላይ ከቅርንጫፎቹ ውስጥ ሳል ተሰማ። ሁለቴ አጠር፣ ከዚያ ረዘም ያለ።

ገላዬን ወረረኝ። ቀና ስል ቢጫ ጭንቅላት በቅጠሉ መሀል አየሁ።

«ማነው?» አለችኝ ልጄ።

አያቴ ናፈቁኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ልጠራው፣ ደግሞ እንዲስል ልለምነው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ጣቴን ከንፈሯ ላይ አደረግኩ፤ ወፉ እስኪበር ድረስ ዝም እንዳልን ቆየን።