ሶልቨሩ፣ ፓይተንና ኦቦ ቶሎሳ

ሱሉልታ ባለው ወተት ማቀነባበሪያ ሥራ የገባሁ ዕለት፣ ሥራ አስኪያጁ ገና ቁጭ ሳልል «ሶልቨሩ ተገዝቷል። አንቺ ከፓይተን ጋር ታገናኚዋለሽ። ከሠራ በወሩ መጨረሻ ኦቦ ቶሎሳን በጡረታ እንሸኛለን» አሉኝ።

ኦቦ ቶሎሳ የመኪና ስምሪት ኃላፊ ነበሩ። ባዶ ጠረጴዛ ስላልነበረ እሳቸው ጎን ተቀመጥኩ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብለው ወረቀታቸውን ሰብስበው የጠረጴዛቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ያውቃሉ። አፈርኩ።

ሥራው ይህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከየወተት መሰብሰቢያው ስንት ሊትር እንዳለ ይደወላል። የትኛው መኪና የት ሄዶ ይጫን የሚለውን የሚያሰላው ሶልቨር የሚባለው ውድ ሶፍትዌር ነው። እኔ ሊትሩን፣ የመኪናውን አቅምና መንገዱን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ አቀብለዋለሁ፤ መልሱን ተቀብዬ ለሾፌሮች አትማለሁ።

ሲያወሩት ቀላል ነው። መጀመሪያ ሶልቨሩ ሦስት ቀን ሙሉ «ፈቃድ የለም» እያለ አስለቀሰኝ፤ ለካ የመጠቀሚያ ፈቃዱ የተመዘገበው በሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ላይ ኖሯል። ቀጥሎ የመሰብሰቢያዎቹ ተራ ተዛንፎ የጫንጮን ወተት ሱሉልታ ላይ ደመረው። ኦቦ ቶሎሳ ፕሮግራሜን አይተው «ልጅሽ ጫንጮን አያውቃትም» ሲሉ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ሠራ። በሁለት ሰከንድ ዕቅድ ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላቸው፤ እኔን ግን ምግብ አልበላ አለኝ። ኦቦ ቶሎሳን ወድጃቸው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት የተደወለው ሊትር ከወትሮው በዛ። አስገባሁት፣ ዕቅዱ ወጣ፣ መኪኖቹ ሄዱ። ኦቦ ቶሎሳ ቆይተው ገቡና ወረቀቱን አዩት።

«ይሄ የትናንቱ ነው።»

«ኧረ አሁን ነው የወጣው፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

«ዛሬ እኮ ጾም ገባ። የሚጾም ወተት አይጠጣም፤ ሁሉም ወደ እኛ ነው የሚመጣው። እነዚህ መኪኖች አይችሉትም።»

የወላይታ ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ። ጾም መግባቱን ልብ አላልኩም።

ሳይቆይ ከጫንጮ ተደወለ። መኪናው ሞልቶ፣ ወተት ያመጡት ሴቶች ከነጀሪካናቸው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ኦቦ ቶሎሳ ሾፌሮቹን በየስማቸው እየጠሩ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ቅርብ ያሉትን አራግፈው እንዲመለሱ አደረጉ። ብዙው ተረፈ። አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ያመጡት ግን ሳይደረስለት ተበላሸ።

ኮዱን ከፈትኩ። ሶልቨሩ «በእነዚህ መኪኖች አይቻልም» ብሎኝ ኖሯል። እኔ መልስ አገኘህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ፕሮግራሜ ፋይሉ ውስጥ የቆየውን የትናንት ዕቅድ ዝም ብሎ አተመው።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«አስተካክዪው።»

«አስተካክለዋለሁ። ግን አይቻልም ሲል ማን ይወስናል?»

ከወዲያኛው ክፍል ኦቦ ቶሎሳ አዴ ጫልቱን በስልክ ይቅርታ ሲጠይቁ ይሰማል፤ እኔ ለሠራሁት ጥፋት።

«እሺ፣ ኦቦ ቶሎሳ ይቆዩ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ከዚያ ወዲህ ሶልቨሩ መልስ ሲያጣ ምንም አይታተምም። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይወጣል፦ «ኦቦ ቶሎሳን ጠይቁ።» መጀመሪያ ያሳየኋቸው ቀን «ልጅሽ አሁን ሰው ሆነ» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ዛሬ በራሳቸው ፈቃድ ጡረታ ወጥተው ጫንጮ ላም ያረባሉ። መስመሩን አልለወጥኩትም፤ ስልክ ቁጥራቸውን ብቻ ጨመርኩበት። ፕሮግራም መጻፍ ለምትጀምሩ የምላችሁም ይህንኑ ነው፤ መልሱን ከማንበባችሁ በፊት መልስ መኖሩን ጠይቁ።