ጨረቃ ስትታይ የሚቀየር ዘይት

ባለፈው ሳምንት ጭሮ ውስጥ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ መኪናዬን ስጠብቅ፣ ወጣቱ መካኒክ ከሥር ያለውን ብሎን ፈታና ትኩሱ ጥቁር ዘይት ሳፋው ውስጥ ሲንዶለዶል ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ወዲያው ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ወደምትባልበት ዘመን ተመለስኩ፤ የግቢያችን የድንጋይ አጥር ላይ ወጥቼ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ጀንበር ወደጠለቀችበት ሰማይ ወደማፈጥበት።

ጨረቃ ፍለጋ ነበር! ጎረቤቱ አዲስ ጨረቃን በጉጉት የሚጠብቀው ለረመዳንና ለዒድ ነው፤ በእኛ ቤት ግን በየወሩ ትጠበቃለች፤ ምክንያቱም ጨረቃ ስትታይ የመኪናው ዘይት ይቀየራል።

ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት። አባቴ ከገለምሶ ጫት የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችን። ጫት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፣ ከጠወለገ አለቀለት፤ ስለዚህ አባቴ ቆሞ ዘይት መቀየሩን እንደ ሥራ መፍታት ቆጥሮት ሲጎድል ብቻ ከላይ ይሞላበታል፤ ያውም ገበያ ላይ ያገኘውን ወፍራም ዘይት ሁሉ፤ ገንፎ ወዳድ ስለነበር ወፍራም ነገር ሁሉ ጉልበት የሚሰጥ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ሞተሩ መንገድ ላይ ተንቋቋና ቀጥ አለ። መካኒኩ ጋሽ ታደሰ ክዳኑን ቢከፍተው ውስጡ ጥቁር ጭቃ ረግቶበታል፤ በማንኪያ ነው የዛቀው።

«ሲሞሉበት ኖሩ እንጂ መች ቀየሩለት?» አለው አባቴን። ያረጀ ዘይት እንዲህ እየረጋ መተላለፊያውን ደፍኖ ሞተሩን እንደሚያደርቀው፣ ዳገትና አቧራ ለበዛበት መንገድ ቶሎ ቶሎ መቀየር እንዳለበት፣ ዘይቱም የታሸገና ለሞተሩ የሚስማማ እንዲሆን ነገረን። ችግሩ የላንድሮቨሯ ኪሎሜትር ቆጣሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መቼ እንደሚቀየር በምን ይታወቅ? እናቴ ሳቅ ብላ፣ «ጨረቃ አትበላሽም!» አለች። በቃ፣ ሕግ ሆነ።

ትልቋ እህቴ ነኢማ ወደ ገለምሶ ልትዳር ስትል፣ የሙሽራው ዘመዶች ያቺ መኪና ሙሽራዋን ዳገት ላይ ጥላት ትቀራለች እያሉ ይስቁ ነበር አሉ። አባቴ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ልጄን በራሴ መኪና ካላደረስኩ ብሎ ማለ። የሠርጉ ዋዜማ ግን ሰማዩ ደመና ለበሰ፤ ሴቶቹ ሂና እያደረጉ ይዘፍናሉ፣ አባቴም አዲሱን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ «ካልታየች እንደ ጾሙ ወሩን ሠላሳ ቀን እንሞላለን፤ ዘይቱ ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል» ብሎ ተገላግሏል።

እኔ አጥሩ ላይ ነኝ። ደመናው ለቅጽበት ገለጥ ሲል እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ ብቅ! «ታየች! ታየች!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ እልልታዋን አቅልጣ፣ «ኮቱ! ና ውጣ!» እያለች በኦሮምኛም በአማርኛም አባቴን ጎተተችው። እሱም ሸሚዙን አውልቆ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ እየተነጫነጨ ከሥር ገባ። የታሸገው ዘይት የት እንደተደበቀ ያወቅነው ያኔ ነው፤ ዘይት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ተበዳሪ እንዳያየው እናቴ ከነኢማ የሙሽርነት ሳጥን ውስጥ፣ ከሐር ሻሹ ሥር ሸጉጣው ነበር!

በማግስቱ ዳገቱን ስንያያዘው ሁላችንም ዓይናችን የዘይቱ ቀይ መብራት ላይ ነው። አልበራም። ሊቀበሉን የመጡት የሙሽራው ዘመዶች መኪና መንገድ ዳር ቆሞ እንፋሎት ሲተፋ አየነው። አባቴ ጥሩንባውን ለቀቀው፣ እናቴ ከወገቧ በላይ በመስኮት ወጥታ እልል አለች፣ ሙሽራዋ ነኢማ ዓይነ ርግቧን ገልባ ጣራውን በጡጫ ትደበድባለች፣ እኔ ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ነበር። «ዘይቱ ነው! ወላሂ ዘይቱ ነው!» ይላል አባቴ፣ ሲስቅ እንባው እየወረደ።

ላንድሮቨሯ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠች ቆየች፤ አባቴም እናቴም አልፈዋል። ዛሬ የዘይት ቀኔን የሚያስታውሰኝ ስልኬ ነው፤ አንድም ጊዜ ስቶ አያውቅም፣ አንድም ጊዜ ግን አላስደሰተኝም። ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ መሽቶ ነበር፤ ከተራራው በላይ ያቺው ቀጭን ጨረቃ ወጥታለች።

«ታየች!» አልኩ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።

ወጣቱ መካኒክ እጁን እየጠረገ ቀና አለ። «ማናት የታየችው?» አለኝ።