ቅዳሜ ቅዳሜ የለካነው ክንድ

ባለቤቴ ቀኝ እጁ ከሞተ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ። የምጽፈው ስለ እጁ ነው። ስለ ሌላው ነገሩ ለመጻፍ ገና አቅም የለኝም። የክንዱን ልክ ግን ከትከሻ እስከ ጣት በቃሌ ስለማውቀው ከእሱ ልጀምር ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን ሙሉ ሱፍ ይሰፋ ነበር። ካምፓላ ከገባን በኋላ ኦዊኖ ገበያ ውስጥ፣ ከሳልባጅ ነጋዴዎቹ መሀል አንዲት የስፌት መኪና የምታስቀምጥ ጥግ ያዘና የፈረንጅ ኮት እያጠበበና እያሳጠረ ኖረ። ሰው ሲተዋወቅ ከፊቱ በፊት ትከሻውን ነበር የሚያየው። እኔ አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ግን ሥራዬ መተርጎም ሆነ። ቢሮም ሆስፒታልም ስንሄድ እንግሊዝኛውን የምናገረው እኔ ነበርኩ። እሱ ለገበያ የሚሆነውን ያህል ያውቅ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ያደርግልኛል፣ ሚስቴ መዝገበ ቃላት ናት ይላል።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ወረርሽኙ ገና የሌላ አገር ወሬ ሳለ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ከኋላ ተቀምጦ ወደ ቤት ሲመጣ ናካዋ ጋ አንድ የጭነት መኪና በጎኑ ገፋቸው። ነጂው ተርፎ ቆመ። የእኔው ሰው በቀኝ ትከሻው ወደቀ። ጭንቅላቱ ወደ ግራ፣ ትከሻው ወደ ታች ነው የሄዱት። ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሰም። ራጅ ሲነሳ ከአንገቱ ሥር ያለው አግዳሚ አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። በጨርቅ አስረው፣ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ ብለው ሸኙን። ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ተዘጋ። ታክሲ ቆመ፤ ቦዳ ሰው መጫን ተከለከለ። ለታማሚ መኪና የሚፈቀደው ከወረዳው ሹም ወረቀት ሲገኝ ብቻ ነበር። ያን ወረቀት የሚጠብቁት ደግሞ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ነበሩ። እኛ የተሰነጠቀ አጥንት ይዘን ከእነሱ ጋር መሰለፍ አፈርን።

አጥንቱ መጠገኑን አወቅን፤ ሲነካ ማመሙን ትቶ ነበር። እጁ ግን አልተነሳም። ከትከሻው ተንጠልጥሎ፣ ሲራመድ ለብቻው ይወዛወዛል። እየነደደ ነው ይለኛል፤ እኔ ስነካው ደግሞ መንካቴን አያውቅም። የሚነድና የማይሰማ ነገር አንድ ላይ እንዴት እንደሚኖር ሊያስረዳኝ ይሞክርና ይተወዋል።

ወጌሻ እንጥራ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። እኔ፣ የተማርኩት። ልጅ ሳለሁ የወለቀ ክርኔን የመለሰልኝ ወጌሻ ነበር፤ አገር ቤት ደግሞ ሐኪም እንዳይቆርጠው ከሆስፒታል አስወጥተን ወጌሻ ያዳነው እግር የሌለበት ቤተሰብ የለም። እኛ ሉዚራ ነበር የምንኖረው። ከእኛ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ወደ ፖርት ቤል በሚወስደው መንገድ፣ የአበሻውን ሁሉ ወለምታ የሚያሹ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚያዝያ ላይ፣ ሰው ባጣ መንገድ ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው መጡልን። ቅቤ ስላልተገኘ በቫዝሊን አሹት። ከዚያ ትከሻውን ዳብሰው፣ ወልቋል፣ መግባት አለበት አሉ።

እሱ ቀለደ። እኔ እኮ ጨርቅ አይደለሁም አባባ፣ ብጎተት አልሰፋም አላቸው።

«አንተ ሰው ላይ መርፌ ስትሰካ ኖረህ ዛሬ እኔን ፈራህ?» አሉት።

ሳቅን። ሦስታችንም። እኔ ወገቡን ከኋላ አቅፌ እንድይዝ አዘዙኝ። እሳቸው እግራቸውን ብብቱ ሥር አድርገው፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱ። ሁለት ጊዜ። ባለቤቴ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስፌት ሲተረተር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ምናልባት አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት የመጀመሪያውን ከኋለኞቹ መለየት አልችልም። ሽማግሌው ላባቸውን ጠርገው፣ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይማርህ ብለው፣ የሰጠናቸውን ሁሉ እምቢ ብለው ሄዱ።

ሆስፒታል የደረስነው ሰኔ ላይ፣ ታክሲ ሲፈቀድ ነው። ሐኪሟ በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። ከአንገት አጥንት መሀል አምስት የነርቭ ሥሮች ይወጣሉ፤ ከአግዳሚው አጥንት ሥር ያልፉና እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ይለያያሉ። አንዱ ክርን ያጥፋል፣ አንዱ የእጅ አንጓን ቀና ያደርጋል፣ አንዱ አውራ ጣትን ከጣቶች ያገናኛል፣ አንዱ ትንሿን ጣት ያዝዛል። የእሱ መጎዳቱ ግልጽ ነው፤ ያልታወቀው የት ላይ እንደሆነ ነው። መንገድ ላይ ተበጥሶ ከሆነ ሊቀጠል ይችላል። ከሥሩ፣ ከአከርካሪው ውስጥ ተመዝዞ ወጥቶ ከሆነ ግን የሚቀጠልበት ጫፍ የለም።

ስተረጉምለት ቶሎ ገባው። ክር መሀሉ ላይ ሲበጠስ ይቋጠራል፣ ከማጠንጠኛው ተመዞ ካለቀ ከምን ጋር ትቋጥሪዋለሽ አለኝ። ቀጥሎም የሚሰፉበት መርፌ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እንድጠይቃት አዘዘኝ። ጠየቅኋት። ሐኪሟ ፈገግ ብላ፣ ክሩ ከፀጉር እንደሚቀጥንና በማጉያ እንደሚሰፋ ነገረችን። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ለሙያ ጓደኛ እንደሚነቀነቅ።

ከዚያ ዓይኑን በባትሪ አየች። የቀኝ ዓይኑ ቆብ ወረድ ብሏል፣ ብሌኑም ከግራው ያንሳል። እኔ የእንቅልፍ እጦት ነው ብዬ ነበር። ሐኪሟ ይህ ምልክት ጥሩ አለመሆኑን፣ ሥር ሲመዘዝ የሚታይ መሆኑን ነግራን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። ከአደጋው ጀምሮ አልኳት። አላውቅም ነበር። ቀጥላ፣ ከአደጋው በኋላ እጁን የጎተተው ወይም ያሸው ሰው አለ ወይ አለችኝ።

የለም አልኳት። ሳልተረጉምለት።

ሽማግሌውን በባዕድ ሐኪም ፊት እንደ ጠንቋይ አስቆጥሬ ላሳጣቸው አልፈለግሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ወገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጉተታ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ነጋዴው ገዢ በሚጎትትበት ኦዊኖ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ቃል ነው። ፊቱን ወደ ሐኪሟ መለሰ።

ከአደጋው በኋላና ሽማግሌው ከመምጣታቸው በፊት ያነሳሁት አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። እጁ በጨርቅ ታስሮ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ባየው ጥፋቱ የመኪናው ይሁን የእኛ ይለይ ነበር። ፎቶው ላይ ግን ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው የግራ ፊቱ ነው። አሁንም አንዳንድ ቀን አውጥቼ አሰፋዋለሁ፣ የአፍንጫውን ማዶ የሚያሳየኝ ይመስል።

ሐኪሟ እንዲህ አለችን። ነርቭ ከዳነ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከአግዳሚው አጥንት በላይ ጀምራችሁ በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ እድገቱ የደረሰበት ቦታ ላይ ወደ እጁ የሚነዝር ነገር ይሰማዋል። ያ ቦታ በየሳምንቱ ዝቅ ካለ ታገሡና ጥቅምት ላይ ኑ። ወር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ግን ቶሎ ኑ፤ ይህን ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ አውሮፕላን ስለቆመ ሌላ መላ መፈለግ አለብን፣ ከአደጋው ስድስት ወር ካለፈ ደግሞ ጡንቻው አይጠብቅም።

እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ለካን። እሱ ሸሚዙን አውልቆ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እኔ በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ እወርዳለሁ። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ይሰቀጥጠውና «እዚህ ጋ» ይለኛል። በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቆዳው ላይ አሰምራለሁ፣ በሜትሩ እለካለሁ፣ ሜትሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአጥንቱ በላይ ነበር። በሚቀጥለው ሰባት ሚሊ ሜትር ወረደ። በሚቀጥለውም። ሐምሌ ሲያልቅ ትከሻውን ሊያልፍ ደረሰ። በዚህ አካሄድ ጣቱ ላይ የሚደርስበትን ወር አስልቼ ነገርኩት፤ ሁለት ዓመት አልፎ ነው። እስከዚያ ግራኝ እሆናለሁ አለኝና በግራ እጁ ቁልፍ መትከል ጀመረ።

አንድ ቀን ነሐሴ ላይ ሱሪ ሲተኩስ ሥጋ የሚያር ሽታ ሸተተኝ። ካውያውን በግራው ይዞ፣ ቀኝ እጁን ጨርቁ እንዳይንሸራተት እንደ ክብደት አስቀምጦት ነበር። ካውያው ትንሿን ጣቱን ከጎኗ ይዟታል፤ እሱ ወደ መንገድ እያየ ያፏጫል። ሮጬ አነሳሁለት። ቁስሉን አየና፣ ይቺን ብቻ አልሰማሁም፣ ላይኛው ክንዴ ደህና ነው እኮ አለኝ።

ጥቅምት ላይ ሄድን። እኔ ሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ነጥቦቹን ለሐኪሟ ላሳያት። እሷ አላየችውም። ዓይንህን ጨፍን አለችው። ተረጎምኩለት፤ ጨፈነ። መምታት ጀመረች። ከአጥንቱ በላይ፣ አጥንቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ክንዱ ላይ። የእኔን የጠመኔ መስመር ደረሰች፣ አለፈችው። እሱ «እዚህ ጋ» አላለም።

«ንገራት እንጂ» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ከማሽን ጋር በተያያዘ መርፌ ጡንቻውንም መረመሩት። ማሽኑ ላይ የሚወጣው መስመር ቀጥ ያለ ነበር። ሐኪሟ ለቀዶ ጥገናው ጊዜው ማለፉን ስትናገር ለምን ቀድማችሁ አልመጣችሁም አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ነው ስለ ሽማግሌው የነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ፣ ሥሩ መኪናው ሲገፋው ያኔውኑ ተመዞ ሊሆን ይችላል፣ ቀሪው በጉተታው ተመዞም ሊሆን ይችላል፣ አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም አለችኝ።

ስንመለስ ታክሲው የሚጭነው ግማሽ ሰው ብቻ ነበር፤ መሀሉን ወንበር ባዶ መተው ግድ ነው። ባልና ሚስት ነን ብል ረዳቱ አልሰማኝም። ባዶውን ወንበር መሀላችን አድርገን ተቀመጥን። ናካዋ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆምን።

ለምን ዋሸኸኝ አልኩት።

መጀመሪያ ላይ እውነት የመሰለው ጊዜ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያም፣ ከውጭ የሚመጣ ሐኪም በምን መጥቶ ያድነኛል፣ ሰማዩ ተዘግቶ አለኝ። ሰባት ሚሊ ሜትር በዓይኑ መገመት ለእሱ ምንም አይደለም፤ የቁልፍ ቀዳዳ ርቀት ሲገምት የኖረ ሰው ነው።

«የእኔ እጅ ሚያዝያ ላይ ነው ያለቀለት» አለኝ። «የቀረውን ላንቺ ነው የለካሁት።»

ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ። በባዶው ወንበር ላይ እጄን ዘረጋሁ። በእኔ በኩል የነበረው ቀኝ እጁ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ ሁለተኛው የወረርሽኙ ማዕበል መጣና ወሰደው። በሽታው አስራ አንድ ቀን ነው የፈጀበት። ሆስፒታሉ ኮሪደሩ ሳይቀር ሞልቶ ነበር፤ አስታማሚ በመጥፋቱ እንድገባ ፈቀዱልኝ። ነርሷ ለግሉኮስ ክንዱን ስትፈልግ፣ በቀኙ አድርጊው፣ እሱ አያመውም አልኳት። የሞተው እጅ ያገለገለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የኦክስጅኑ ሲሊንደር በግራ በኩል ቆሟል፤ ከእሱ ማዶ የሌላ በሽተኛ አልጋ አለ። መቆሚያ የነበረኝ በቀኙ ብቻ ነው። እኔም የመጨረሻውን ቀን ሙሉ ቀኝ እጁን ይዤ ቆምኩ። ዓይኑን አልገለጠም። ስሙን እጠራለሁ፣ የማሽኑ ጩኸትና የሰዉ ሳል ድምፄን ይውጠዋል። ነገ ሲሊንደሩን እንዲያዞሩልኝ እለምናለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከቀብሩ በኋላ ነው የገባኝ። ያን ቀን ሙሉ ሲያዝ አላወቀም። ብቻውን መስሎት ነው የሄደው። አንገቱን ብነካው ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ከአጥንቱ በላይ ይሰማው ነበር። ከማንም ይልቅ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሜትሩ አለኝ።

አገሩ እንደገና ተዘግቶ ስለነበር ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ወጌሻው ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው፣ እንደዚያ ጊዜው በእግራቸው መጡ። አልገባም አሉ። በረንዳው ላይ፣ እሱ ፎቶ የተነሳበት ቦታ ተቀምጠው አለቀሱ። ጥሩ ሳቂታ ልጅ ነበር አሉ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀና አሉና ጠየቁኝ።

«እጁስ? ተሽሎት ነበር?»

ጣቶቻቸውን አየሁ። አርጅተዋል።

«አዎ አባባ» አልኳቸው። «ተሽሎት ነበር። ስሜቱ ክርኑን አልፎ ነበር።»

እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ስንት ጊዜ ፈጀበት ብለው ጠየቁኝ፤ ያንንም ነገርኳቸው።